አውሬ መግራት በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ፦ ሃያ ሰከንዱ ቀላሉ ነው

በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ በሚጫወተው የኮምፒውተር ጌም፣ ቡቺ የምትባል የበረዶ ነብር ነበረችኝ። ለነብር የውሻ ስም ማውጣቴን አውቃለሁ፤ የመጀመሪያዬ ስለነበረች ሌላ ስም አልመጣልኝም። ሁለት ምሽት ሙሉ ከእኔ ፊት እየቀደመች ስትዋጋ ከስሟ አጠገብ ያለችው ትንሽ ፊት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ስትለወጥ አይቻለሁ። ጌጥ መስላኝ ነበር። በሦስተኛው ምሽት አንዲት መስመር ጽሑፍ ብቅ አለች፣ ቡቺም ትታኝ ሄደች። አልሞተችም፣ ብትሞት ማስነሳት ይቻላል። ርቧት ጥላኝ ነው የጠፋችው፤ እንዲህ የሄደ ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሌሎቹ ትንሽ ይለያል። አውሬውን መያዝ 20 ሰከንድ ይፈጃል፣ እሱንም እንነጋገራለን። ብዙ ጀማሪ የሚሸነፈው ግን ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ጊዜያችንን የምናጠፋው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የምጽፈው ስለ ክላሲኩ ነው፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የመጀመሪያውን ጌም መልሶ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለተከፈተው። በአዲሱ ጌም ሀንተር፣ ማለትም በቀስት ወይም በጠመንጃ የሚዋጋው አዳኝ፣ ገና ከሌቭል 1 (ገጸ ባሕርዩ ሲጠነክር የሚያድገው ቁጥር) ጀምሮ እንስሳ ይዞ ይወለዳል፣ እንስሳውም አይራብም፣ አይኮርፍም። እዚያ የምትጫወቱ ከሆነ ከታች ካለው አብዛኛው አይመለከታችሁም።

ከሌቭል 10 በፊት

አውሬ የሚገራው ሀንተር ብቻ ነው። በክላሲክ ደግሞ ሁሉም ዘር ሀንተር መሆን አይችልም፤ ከሁለቱ ተፋላሚ ወገኖች ከአሊያንስ በኩል ድዋርፍ እና ናይት ኤልፍ፣ ከሆርድ በኩል ኦርክ፣ ትሮል እና ቶረን ብቻ ናቸው። የሰው ዘር ገጸ ባሕርይ ፈጥራችሁ ሀንተርነትን በዝርዝሩ ውስጥ ስትፈልጉ እንዳታመሹ።

እስከ ሌቭል 10 ብቻችሁን ናችሁ። ቀስት ወይም ጠመንጃ ይዞ ለብቻ መዞር አሰልቺ ነው፣ ምክንያቱም ጠላት አጠገባችሁ ሲደርስ መተኮስ አይቻልም፤ በመጥረቢያ መጨቃጨቅ ነው። ታገሱት። በዚህ ጊዜ የምትሠሩት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ ከምትገድሏቸው እንስሳት የሚወድቀውን ሥጋ አትሽጡ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታያላችሁ።

የሌቭል 10 ተልዕኮ

ሌቭል 10 ስትደርሱ በየዘራችሁ አገር ያለው የሀንተር አሰልጣኝ ይጠራችኋል። ድዋርፎች ካራኖስ ወዳለው ግሪፍ ዋይልድሃርት፣ ናይት ኤልፎች ዶላናር ወዳለው ዳዛላር፣ ኦርክና ትሮሎች ሬዘር ሂል ወዳለው ቶታር፣ ቶረኖች ብለድሁፍ ቪሌጅ ውስጥ ያው ሻርፕሜን ወደሚባለው ሂዱ።

ሥራው ሦስት ጊዜ የሚደጋገም ነው። የመግሪያ በትር ይሰጣችኋል፣ አንድ የተወሰነ አውሬ ገርታችሁ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ታስረክባላችሁ፤ ቀጥሎ ሌላ በትር፣ ሌላ አውሬ። ለድዋርፍ ከርከሮ፣ የበረዶ ነብርና ድብ ናቸው። ለናይት ኤልፍ ሸረሪት፣ ነብርና ጉጉት። በበትር የተያዘ አውሬ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አብሯችሁ ስለሚቆይ፣ እንደያዛችሁ መንገድ ላይ ሌላ ሥራ ሳትጀምሩ ቀጥታ ተመለሱ።

ይህን ተልዕኮ ብዙ ሰው እንደ ግዴታ ሮጦ ይጨርሰዋል። እኔ ግን እንደ ነፃ ልምምድ ብታዩት ይሻላል እላለሁ። ሦስቱንም አውሬ ትንሽ አዋጉዋቸው። ድብ ሲመታ እንዴት እንደሚችል፣ ነብር እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚቧጭር በዓይናችሁ ስታዩ ምርጫው ይቀላል።

ከሦስተኛው በኋላ ወደ ዋና ከተማችሁ ትላካላችሁ፤ ድዋርፍ ወደ አይረንፎርጅ፣ ናይት ኤልፍ ወደ ዳርናሰስ፣ ኦርክና ትሮል ወደ ኦርግሪማር፣ ቶረን ወደ ተንደር ብለፍ። ይህን ጉዞ ነገ እሄዳለሁ ብላችሁ አትዝለሉት። እንስሳን ማብላት፣ የሞተውን ማስነሳትና ማሰልጠን የምትማሩት ከዚህ ተልዕኮ ነው። ያለ እነዚህ አውሬ መያዝ፣ ገለባ ሳያዘጋጁ በሬ እንደመግዛት ነው።

ምን ልያዝ?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፣ ሁሉም ሰው የሚመርጠውም በመልክ ነው። እኔ የምላችሁ በሆዱ ምረጡ።

ከርከሮ እና ድብ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዳቦ፣ አይብ፣ ፍራፍሬ፣ እንጉዳይ። ነብርና የነብር ዘመዶች ሥጋና ዓሣ ብቻ። ተኩላ፣ ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ ጉጉት እና ራፕተር (ዳይኖሰር መሳዩ) ሥጋ ካልሆነ አይነኩም። ዝንጀሮና የሌሊት ወፍ ፍራፍሬና እንጉዳይ። ኤሊ ዓሣ፣ ፍራፍሬና እንጉዳይ። ክንፍ ያለው እባብ፣ ዊንድ ሰርፐንት የሚባለው፣ ዳቦ፣ አይብና ዓሣ ይበላል። እባብ አይብ ሲበላ ያየሁት እዚህ ጌም ላይ ብቻ ነው።

ጅብም አለ። የሐረር ሰው ካነበበው ደስ ይለዋል ብዬ ነው የማነሳው። ባረንስ በሚባለው ደረቅ ሜዳ ላይ እንደልብ ይዘዋወራል፣ ሥጋና ፍራፍሬ ይበላል፣ የሚያደርሰው ጉዳትም ጥንካሬውም መካከለኛ ነው። ሐረር ላይ በአሹራ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ እዚህ ጌም ላይ ግን ዳቦ እንኳ ብትሰጡት እምቢ ይላል።

ከሆድ ቀጥሎ የሚታየው ሥራው ነው። ለብቻችሁ የምትጫወቱ ከሆነ እንስሳው ፊት ቆሞ ዱላውን የሚችል መሆን አለበት። ድብ ከመደበኛው 8 በመቶ የበለጠ ጤና አለው፣ የሚያደርሰው ጉዳት ግን 9 በመቶ ያንሳል። ከርከሮም ወፍራም ቆዳ አለው፣ ጉዳቱ 10 በመቶ ያንሳል። ነብር በተቃራኒው 10 በመቶ የበለጠ ይጎዳል፣ ጤናው በ2 በመቶ ዝቅ ይላል። ቁጥሮቹን እዩአቸውማ፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ነብር የወደደ ነብር ይያዝ፣ አይሞትም። ልዩነት የሚፈጥረው ሆዱ ሙሉ መሆኑ ነው፣ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትይዙ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ድዋርፎች ድብ፣ ኦርክና ትሮሎች ከርከሮ፣ ናይት ኤልፎች ነብር። ቶረኖች በአገራችሁ ሙልጎር ውስጥ ተኩላ ወይም የዱር ድመት ታገኛላችሁ፣ ሁለቱም ሥጋ ይበላሉ፣ ሥጋ ደግሞ ሙልጎር ሞልቷል።

ሃያው ሰከንድ

አሁን አንድ ድብ አብረን እንያዝ። የድዋርፎች አገር ደን ሞሮ ውስጥ ነን፣ በረዶ ነው፣ ከፊታችን አንድ አይስ ክሎው ድብ ጥዱ ሥር እየተንጎራደደ ነው። ሌቭሉ 8፣ የእኛ 10። አውሬው ከእናንተ ሌቭል መብለጥ የለበትም፤ እኩል ወይም ዝቅ ያለ ይሁን።

መጀመሪያ ዙሪያውን ተመልከቱ። ሌላ ተኩላ ወይም ከርከሮ ቅርብ ካለ ግደሉት። በመግራት ላይ እያላችሁ ሁለተኛ አውሬ ከመጣ ጨዋታው አበቃ፣ ምክንያቱም በእነዚያ 20 ሰከንዶች የጦር ልብሳችሁ መከላከያ ዜሮ ይሆናል። ራቁታችሁን ቆማችሁ እየተመታችሁ ነው ማለት ይቻላል። ሃርድኮር በሚባለው፣ አንዴ ከሞቱ በማይመለሱበት ሰርቨር ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ቀጥሎ ጤናችሁንና ማናችሁን (ችሎታ ስትጠቀሙ የሚያልቀውን ኃይል) ሙሉ። አስፔክት ኦፍ ዘ መንኪ የሚባለውን ችሎታ አብሩ፣ ከምትመቱት ጥቂቱን እንድትሸሹ ይረዳል። ሌላ እንስሳ አብሯችሁ ካለ መግራት አይቻልም፤ በረት አስገቡት። አውሬውን አስቀድሞ ማቁሰል አያስፈልግም። ሌሎች ጌሞች ላይ አውሬ ሲደክም ነው የሚያዘው፣ እዚህ ግን የድቡ ጤና ሙሉ ሆነ ግማሽ ለውጥ የለውም። እንዲያውም መርዛማ ቀስት ተኩሳችሁበት ከነበረ መርዙ መሥራቱን ይቀጥላልና ልትገሩት የነበረውን ድብ ቀብራችሁ ትሄዳላችሁ።

አሁን የቻላችሁትን ያህል ራቁ፣ ቴም ቢስትን፣ ማለትም የመግሪያውን ችሎታ፣ ተጫኑ። መስመሩ መሙላት ሲጀምር ድቡ ዞር ብሎ ያያችኋል፣ ይሮጣል፣ ይደርሳል፣ ይመታል። እዚህ ላይ ነው ጣት የሚያሳክከው። ምንም አትንኩ። አንድ እርምጃ ከተራመዳችሁ፣ ከዘለላችሁ፣ ሌላ ችሎታ ከተጫናችሁ ይቋረጣል፣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሱት፤ እኔ ቡናዬን የማነሳው ያኔ ነው። ጤናችሁ ይወርዳል፣ ግማሽ ሊደርስ ይችላል፣ ከእናንተ ዝቅ ያለ ሌቭል ያለው ድብ ግን በ20 ሰከንድ ውስጥ አይጨርሳችሁም።

የሚያበላሹት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የሚያደነዝዝ ምት ያለው አውሬ፤ ከደነዘዛችሁ ይቋረጣል። ሁለተኛ፣ ደግ ሰው። መንገደኛ «ይህ ልጅ በድብ እየተበላ ነው» ብሎ በቅንነት ድባችሁን ይገድለዋል። ደርሶብኛል፣ አመስግኜ ሌላ ድብ ፍለጋ ሄጃለሁ። ሦስተኛውን ለማንም አልነግርም ነበር፦ 17ኛው ሰከንድ ላይ መብራት ጠፋ።

ሌቭል 20 ከሆናችሁ ሥራው ይቀላል፣ ምክንያቱም ፍሪዚንግ ትራፕ፣ ማለትም የረገጠውን በረዶ የሚያደርግ ወጥመድ፣ ይኖራችኋል። ክላሲክ ላይ ወጥመድ የሚዘረጋው ውጊያ ሳይጀመር ብቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ፦ መጀመሪያ ወጥመዱን እግራችሁ ሥር ዘርጉ፣ ከእሱ ትንሽ ወደ ኋላ በሉና በእናንተና በአውሬው መሃል አድርጉት፣ ከዚያ መግራት ጀምሩ። አውሬው ሲሮጥ ወጥመዱን ይረግጣል፣ በረዶ ይሆናል፣ መግራቱ ግን ይቀጥላል። ከ20ው ሰከንድ ግማሽ ያህሉን ሳትመቱ አሳለፋችሁ ማለት ነው።

መስመሩ ሞልቶ ሲያልቅ ድቡ መምታቱን አቁሞ አጠገባችሁ ይቆማል። ስም አውጡለት።

አሁን ነው ሥራው

ከእንስሳው ምስል አጠገብ ያለችውን ፊት ፈልጉ። አረንጓዴ ከሆነች እንስሳው ደስተኛ ነው፣ ጉዳቱም ከመደበኛው 125 በመቶ ይሆናል። ቢጫ ከሆነች 100 በመቶ። ቀይ ከሆነች 75 በመቶ። ተኩላችሁ ከመደበኛው ላይ በ100 የሚነክስ ቢሆን፣ ጠግቦ 125 ይነክሳል፣ ተርቦ 75። ያው ተኩላ፣ ያው ሌቭል፣ ሃምሳ ልዩነት። ነብር ከመደበኛው በ10 በመቶ ስለሚበልጥ የምትከራከሩ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ማብላቱ ቀላል ነው። ፊድ ፔትን፣ ማለትም የማብላት ችሎታውን፣ ተጫኑ፣ ከዚያ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ምግብ ንኩ። ምግቡ በአንዴ አይሠራም፣ ለ20 ሰከንድ ቀስ እያለ ነው ደስታውን የሚጨምረው፤ በመሃል ውጊያ ከጀመራችሁ የቀረው ይባክናል። ስለዚህ አብሉ፣ ቁጭ በሉ፣ እናንተም ብሉ፣ ከዚያ ተነሱ። ከደከመኝ ቀን በኋላ ከጌሙ በጣም የምወደው ሰዓት ይህ ነው ብል ሰው ይስቅብኛል።

ሥጋውን መቀቀል አያስፈልግም፣ ከታረደው አውሬ እንደወደቀ ጥሬውን ይበላል። ለዚህ ነው አትሽጡ ያልኩት። ዓሣ ለሚበላ እንስሳ ደግሞ መረብ ሳይሆን መቃ ያስፈልጋል፦ ዓሣ ማጥመድን ተማሩ፣ ወንዝ ዳር አሥር ደቂቃ ብትቆሙ ለነብራችሁ የምሽቱ ራት ይወጣል። ምግቡ ከእንስሳው ሌቭል ጋር መሄድ አለበት። በሌቭል 10 የሚወደውን ሥጋ ሌቭል 40 ላይ ብታቀርቡለት አፍንጫውን ያዞራል። ቦርሳችሁ በአሮጌ ሥጋ ተሞልቶ እንስሳችሁ የሚራብበት ምክንያት ይህ ነው።

ደስታው ከጊዜ ጋር እየወረደ ይሄዳል፣ ሲሞት ደግሞ ብዙ ይወርዳል። እንስሳችሁን እንደ ጋሻ እየወረወራችሁ በየአምስት ደቂቃው የምታስገድሉት ከሆነ ቦርሳ ሙሉ ምግብም አይበቃም። ሌቭል 12 ላይ የምታገኙትን ሜንድ ፔት፣ ማለትም እንስሳውን የሚያክመውን ችሎታ፣ ተጠቀሙበት። ማናው ይቆጠባል ብላችሁ አትሰስቱ።

ከደስታው ጀርባ ሌላ ነገር አለ፣ ታማኝነት። ስድስት ደረጃ አለው። አዲስ የተገራ አውሬ ታችኛው ላይ ነው፣ አመፀኛ። የላይኛው የቅርብ ጓደኛ ይባላል። ጠግቦ፣ አብሯችሁ እየተዋጋ ሲቆይ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ሲራብ ይወርዳል። ታችኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ቀይ ፊት ካሳየ፣ ትቷችሁ ይሄዳል። ቡቺ የሄደችው በዚህ ነው፤ ገና አመፀኛ ሳለች ነበር የራባት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አደገኞቹ ናቸው። አዲስ አውሬ ከያዛችሁ ወዲያው አብሉት፣ ፊቷ አረንጓዴ እስክትሆን ድረስ ከዚያ ቦታ አትንቀሳቀሱ።

ማሰልጠን

ታማኝነት ሌላም ጥቅም አለው፣ የስልጠና ነጥብ ያመጣል። ሒሳቡ ይህ ነው፦ የእንስሳው ሌቭል ሲባዛ በታማኝነት ደረጃው ሲቀነስ አንድ። ሌቭል 20 የሆነና አራተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ከርከሮ 20 ሲባዛ በ3፣ 60 ነጥብ አለው። አሁን የተያዘ አመፀኛ ደግሞ በዜሮ ስለሚባዛ ምንም የለውም። ሌቭል 60 የቅርብ ጓደኛ 300 ይደርሳል። አዲስ አውሬ ይዘው «ለምን ምንም ማስተማር አልቻልኩም?» የሚሉ ሰዎች መልሳቸው እዚህ ነው።

ነጥቡን የምታወጡት ችሎታ ላይ ነው። አንዳንዱን፣ ለምሳሌ ጤና የሚጨምረውንና ቆዳ የሚያጠነክረውን፣ ከእንስሳ አሰልጣኝ በገንዘብ ትማራላችሁ። መንከስና መቧጨር ግን አሰልጣኝ አያስተምርም። የሚያውቅ አውሬ ፈልጋችሁ ትገራላችሁ፣ አብሯችሁ እየተዋጋ ችሎታውን ሲጠቀም እናንተ ትማራላችሁ፣ መልእክት ይመጣላችኋል፣ ከዚያ ለራሳችሁ እንስሳ ታስተምራላችሁ። የቆሎ ተማሪ ከመምህር መምህር እየዞረ እንደሚማረው ነው፤ አንዱን ንክሻ ከዚህ ተኩላ፣ የሚቀጥለውን ከዚያ ማዶ ካለ አዞ። ለመማር ብላችሁ ስትይዙ ዋናውን እንስሳችሁን በረት ማስገባቱን አትርሱ።

ሌቭል 24 ላይ ቢስት ሎር የምትባል ችሎታ ትመጣለች። አንድን አውሬ ሳትይዙት ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ጨርሶ የሚገራ መሆኑን ትነግራችኋለች። ከእሷ በፊት መገመት ነው።

ከሰው ጋር ስትጫወቱ

ሀንተርን ቡድን ሁሉ የሚያማው በእንስሳው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም እውነት አላቸው። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ።

ግራውል የሚባለው ችሎታ ጠላት ሌላውን ትቶ እንስሳችሁን እንዲመታ ያደርጋል። ብቻችሁን ስትሆኑ ሕይወታችሁ ነው። ደንጀን ውስጥ (ቡድን አብሮ የሚዋጋበት ዋሻ ወይም ምሽግ) ግን ታንኩ፣ ማለትም ለቡድኑ ፊት ቆሞ የሚመታው ተጫዋች፣ የያዘውን ጠላት ይነጥቀዋል። በቀኝ ክሊክ ራሱን በራሱ እንዳይሠራ አጥፉት፣ ስትወጡ መልሱት። እንስሳውንም ፓሲቭ ላይ አድርጉት፤ ካልታዘዘ አይነሳም።

ሁለተኛው ገደል ነው። ቡድኑ ከፎቅ ወደ ታች ሲዘል እናንተም ትዘላላችሁ፣ እንስሳው ግን አይዘልም። ዞሮ በደረጃው፣ በመጣችሁበት መንገድ ሮጦ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ያለውን ጠላት ሁሉ አስከትሎ። ከመዝለላችሁ በፊት ዲስሚስ አድርጉት (ለጊዜው ሸኙት)፣ ታች ሆናችሁ ጥሩት። ይህን አንዴ ያጠፋ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም፣ ቡድኑም አይረሳለትም።

በረትና ብርቅዬዎቹ

የበረት ጠባቂዎች በየከተማውና በየማደሪያው አሉ። የመጀመሪያው ቦታ በጌሙ ገንዘብ 5 ሲልቨር፣ ሁለተኛው 5 ወርቅ ነው፤ ከእናንተ ጋር ካለው ጋር በጠቅላላ ሦስት እንስሳ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ወዲያው ግዙ። አምስት ወርቁ ለጀማሪ ከባድ ነው፣ ይቆይ። አባንደን የሚለውን ቁልፍ ደግሞ ዲስሚስ ከሚለው ጋር እንዳታምታቱት። ዲስሚስ ለጊዜው መሸኘት ነው፤ አባንደን ለዘለዓለም ነው።

ሦስት ቦታ ካላችሁ አንዱን ለሥራ፣ አንዱን ችሎታ ለመማር፣ ሦስተኛውን ለልባችሁ አድርጉት። ለቡድን ለሚዋጋ ተኩላ ጥሩ ነው፤ ፊውሪየስ ሃውል የሚባለው ጩኸቱ አጠገቡ ያሉትን ተዋጊዎች ምት ያጠነክራል። ባረንስ ውስጥ ሁማር የሚባል ጥቁር አንበሳ አለ፣ ሌቭል 23፣ ብርቅዬ ስለሆነ ሁልጊዜ አይገኝም። ከሁሉም ስሙ የገነነው ግን ባድላንድስ ውስጥ ያለው ብሮክን ቱዝ ነው። ሌቭል 37 የሆነ ነብር ነው፣ ሌሎቹ በ2 ሰከንድ አንዴ ሲመቱ እሱ በ1 ሰከንድ አንዴ ይመታል። በጠቅላላው የሚያደርሰው ጉዳት እንደ ሌላው ነብር ነው፣ እያንዳንዱ ምት አነስ ያለ ስለሆነ። የሚፈለገው አስማተኛ ላይ ሲለቁት ነው፤ በየሰከንዱ እየመታው አስማቱን ጨርሶ እንዳይጠራ ያዘገየዋል።

አንዴ ከተያዘ ወይም ከተገደለ እስኪመለስ ሰዓታት ይፈጃል፣ ሌሎች ሀንተሮችም ድንጋይ ሥር ተደብቀው ይጠብቁታል። ልትሄዱ ከወሰናችሁ ሌቭላችሁ 37 መድረሱን፣ በረታችሁ ውስጥ ባዶ ቦታ መኖሩን አረጋግጡ፣ ያለውን እንስሳ አስገቡና ባዶ እጃችሁን ጠብቁ። ቦርሳችሁ ውስጥም ለእሱ ሌቭል የሚሆን ሥጋ ወይም ዓሣ ይኑር። ስድስት ሰዓት ጠብቆ ብሮክን ቱዝን የገራ፣ ግን የሚያበላው ነገር ያልያዘ ሰው አውቃለሁ። በዚያ በረሃ ሱቅ ፍለጋ ሲሮጥ፣ ቀይዋ ፊት ከኋላው ነበረች።